ከአደጋው በኋላ የሚመጣ አደጋ
የሚናሚሶማ ከተማ ተሞክሮ ለሰፈራና ለመልሶ ማቋቋም ሥራ

መግቢያ

ድርቅ፣ ጎርፍ ወይም የመሬት መንቀጥቀጥ በደረሰ ጊዜ የዕርዳታ ሠራተኛው በቅድሚያ የሚቀርብለት ጥያቄ ሕዝቡ ካለበት ይነሣ ወይስ ባለበት ይረዳ የሚል ነው። መልሱ ብዙውን ጊዜ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይወሰናል፤ ውጤቱ ግን ለብዙ ዓመታት ይዘልቃል። ሕዝብን ከአደጋ ሥፍራ ማራቅ ሕይወትን ማዳን መሆኑ አያጠራጥርም። ይሁን እንጂ ማራቁ ራሱ፣ በቂ ዝግጅት ሳይደረግለት የተፈጸመ እንደሆነ፣ ሁለተኛ አደጋ ሊሆን እንደሚችል የአገራችንም ሆነ የሌሎች አገሮች ታሪክ ይመሰክራል።

በዚህ ጽሑፍ ለጥናት የቀረበችው በጃፓን ሰሜን ምሥራቅ የባሕር ጠረፍ፣ በፉኩሺማ ክፍለ ሀገር የምትገኘው የሚናሚሶማ ከተማ ናት። ጃፓን በሀብትም ሆነ በአደጋ መከላከል ዝግጅት ከዓለም ቀደምት ከሚባሉት አገሮች አንዷ ናት። በዚህች አገር እንኳ ከአደጋው ይልቅ ከአደጋው መሸሹ ለብዙዎች ሞት ምክንያት ከሆነ፣ የተሽከርካሪ፣ የሐኪምና የመጠለያ እጥረት ባለበት አገር ጉዳዩ ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚሻ መገመት አያዳግትም። የከተማዋ ታሪክ ከቀረበ በኋላ፣ በአዲስ አበባ በምኒልክ አደባባይ ዙሪያና በመተከል የሰፈራ ጣቢያዎች ከታየው ጋር ይነጻጸራል።

የከተማዋ ሁኔታና የደረሰባት አደጋ

ሚናሚሶማ በ1998 ዓ.ም. ሃራማቺ፣ ካሺማና ኦዳካ የተባሉ ሦስት አካባቢዎች ተዋሕደው የቆሙባት ከተማ ስትሆን፣ ከአደጋው በፊት 71 ሺህ ያህል ነዋሪ ነበራት። ሕዝቧ በሩዝ እርሻ፣ በዓሣ ማስገርና በአነስተኛ ፋብሪካዎች ሥራ ይተዳደር ነበር። ከደቡባዊ ወሰኗ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የፉኩሺማ ዳይኢቺ የኑክሊየር ኃይል ማመንጫ ጣቢያ ይገኛል።

መጋቢት 2 ቀን 2003 ዓ.ም. በጃፓን ሰዓት ከቀኑ 8 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ላይ በመለኪያው 9 የደረሰ የመሬት መንቀጥቀጥ ተነሣ። ያስከተለው የባሕር ማዕበል፣ ማለትም ሱናሚ፣ የጠረፉን መንደሮች ጠራርጎ ወሰደ። በአገሪቱ 18 ሺህ ያህል ሰው ሞተ ወይም ደብዛው ጠፋ። በሚናሚሶማ ብቻ ከ600 በላይ ሰዎች አለቁ።

ማዕበሉ ከማመንጫ ጣቢያው ሲደርስ የተጠባባቂ ጄኔሬተሮቹን ውሃ አጥለቀለቃቸው። የኑክሊየር ነዳጅ ማብላያው ሥራውን ቢያቆምም ነዳጁ ለብዙ ጊዜ ሙቀት ማመንጨቱን ስለማይተው ያለማቋረጥ በውሃ መቀዝቀዝ አለበት። ኃይል በመቋረጡ የማቀዝቀዣው ሥራ ቆመ፤ በሦስት ማብላያዎች ነዳጁ ቀለጠ፤ የተጠራቀመ ሃይድሮጂንም በቀጣዮቹ ቀናት ሕንጻዎቹን አፈነዳ። ጨረር አመንጪ ቅንጣቶች በነፋስ ተሸክመው በዝናብና በበረዶ ወደ ምድር ወረዱ።

በመጀመሪያው ሌሊት ከጣቢያው 3 ኪሎ ሜትር ውስጥ ያለው ሕዝብ እንዲወጣ ታዘዘ። በማግሥቱ ወሰኑ ወደ 10፣ ከዚያም ወደ 20 ኪሎ ሜትር ሰፋ። መጋቢት 6 ቀን ከ20 እስከ 30 ኪሎ ሜትር ያሉት ከቤታቸው እንዳይወጡ ተነገራቸው። ስለዚህ በአንድ ከተማ ውስጥ ኦዳካ ውጣ፣ ሃራማቺ በአብዛኛው በርህን ዘግተህ ተቀመጥ ሲባል፣ ካሺማ በአብዛኛው ከትእዛዙ ውጭ ሆነ። የነዳጅና የምግብ ጫኝ መኪና ነጂዎች ጨረሩን ፈርተው ወደ ከተማዋ አንገባም አሉ። በቤቱ የተቀመጠው ሕዝብ ለረሃብ ተጋለጠ። በመጋቢት ወር አጋማሽ የከተማዋ ከንቲባ ካትሱኖቡ ሳኩራይ ሕዝባቸው ተለይቶ የተተወ መሆኑን በመግለጽ በቪዲዮ ለዓለም የዕርዳታ ጥሪ አቀረቡ። በእነዚያ ሳምንታት በከተማዋ የቀረው ሕዝብ ወደ 10 ሺህ ገደማ ዝቅ ብሎ ነበር።

የችኮላ ጉዞ ያስከተለው ጥፋት

በአደጋው ሰሞን ከጨረር ይልቅ ጉዞው ገዳይ መሆኑ የታወቀው ቆይቶ ነው። ከማመንጫ ጣቢያው ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቆ ከነበረ አንድ ሆስፒታል የአልጋ ቁራኛ የነበሩ አረጋውያን ያለ አስታማሚ በአውቶቡስ ተጫኑ። ቀጥተኛው መንገድ በመዘጋቱ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ዙረት ተጓዙ፤ የደረሱበትም ሥፍራ የትምህርት ቤት አዳራሽ እንጂ ሆስፒታል አልነበረም። በመንገድና ከደረሱ በኋላ ከሆስፒታሉና ከመጦሪያው በድምሩ ከ40 በላይ ሕሙማን ሞቱ። ለሞታቸው ምክንያት የሆነው ጨረር አልነበረም። የውሃ ጥም፣ ብርድና የሕክምና መቋረጥ ነበር።

በሚናሚሶማ በነበሩ አምስት የአረጋውያን መጦሪያዎች ላይ የተደረገ ጥናት እንዳመለከተው፣ ከተነሡ በኋላ ባለው አንድ ዓመት ገደማ የአረጋውያኑ የመሞት ዕድል ከአደጋው በፊት ከነበረው 2.7 ጊዜ እጥፍ ሆኗል። ከሁሉ ይልቅ ሊጤን የሚገባው በመጦሪያዎቹ መካከል የታየው ልዩነት ነው። አስታማሚዎቹ አብረው የተጓዙበት፣ ተቀባዩ ሥፍራ አስቀድሞ የተዘጋጀበትና የእያንዳንዱ ሰው የሕክምናና የአመጋገብ ሁኔታ በጽሑፍ የተላለፈበት ዝውውር ያስከተለው ጉዳት፣ በችኮላ ከተፈጸመው እጅግ ያነሰ ነበር። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚለው የአገራችን ተረት እዚህ ላይ ሙሉ ትርጉሙን ያገኛል፤ ልዩነቱ የፈሰሰ ሕይወት የማይለቀም መሆኑ ብቻ ነው።

የጃፓን መንግሥት ከአደጋ ጋር የተያያዘ ሞት የሚባል መዝገብ አለው። በመጠለያ ኑሮ፣ በጉዞ ድካም፣ በሕክምና መቋረጥ ወይም በኀዘን ብዛት ራሱን በማጥፋት የሞተ ሰው፣ ጉዳዩ በኮሚቴ ተመርምሮ ከተረጋገጠ፣ የአደጋው ሰለባ ሆኖ ይመዘገባል፤ ለቤተሰቡም የማጽናኛ ገንዘብ ይሰጣል። በዚህ መዝገብ መሠረት በፉኩሺማ ክፍለ ሀገር ከአደጋው በኋላ በተያያዥ ምክንያት የሞቱት ከ2,300 በላይ ሲሆኑ፣ በመሬት መንቀጥቀጡና በማዕበሉ በቀጥታ የሞቱት 1,600 ያህል ናቸው። በሚናሚሶማ ብቻ በተያያዥ ምክንያት የሞቱት ከ500 በላይ ናቸው። መዝገቡ ባይኖር ኖሮ እነዚህ ሰዎች በዕርጅና እንደሞቱ ተቆጥረው በተረሱ ነበር፤ ለሚቀጥለውም አደጋ አንዳች ትምህርት ባልተገኘ ነበር።

በዓይን የማይታይ መርዝ

ጨረር አይታይም፣ አይሸትም፣ አይዳሰስም። ሰው በዓይኑ ያላየውን አደጋ መጠን ሊያውቅ ስለማይችል ወይ ከልክ በላይ ይፈራል፣ ወይ ጨርሶ ይንቃል። ኢትዮጵያውያንም ሰማይ በድንገት የሚያወርደውን መርዝ ያውቁታል። በ1928 ዓ.ም. የኢጣልያ አውሮፕላኖች በሰሜኑ ጦር ግንባር የሰናፍጭ ጋዝ በወታደሩና በገበሬው ላይ ሲያርከፈክፉ፣ የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል መልእክተኛ የነበረው ስዊሳዊው ሐኪም ማርሴል ዩኖ የተቃጠሉትን ሰዎች በዓይኑ አይቷል። ይኸው ሐኪም በሂሮሺማ ላይ የአቶሚክ ቦምብ ከተጣለበት ከሐምሌ 30 ቀን 1937 ዓ.ም. አንድ ወር በኋላ መድኃኒት ይዞ ወደዚያች የጃፓን የባሕር ዳር ከተማ ገብቷል። በሁለቱም ሥፍራ ሕዝቡ ምን እንደመታው እንኳ አያውቅም ነበር።

በሚናሚሶማ ይህን ችግር ለመፍታት ከተወሰዱት እርምጃዎች ዋነኛው መለካትና የተለካውን ለባለቤቱ መንገር ነበር። የከተማዋ ሆስፒታል በሰውነት ውስጥ የገባን ጨረር የሚለካ መሣሪያ ተከለ። ከመስከረም 2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ እስከ መጋቢት በነበሩት ወራት ከተመረመሩት 9,498 ነዋሪዎች መካከል ከአንድ ሚሊሲቨርት በላይ የተገኘበት አንድ ሰው ብቻ ነበር። ይህ መጠን ለማንኛውም ነዋሪ በዓመት የተፈቀደ ከፍተኛ ልክ ሆኖ የሚያገለግል ነው። ውጤቱ ለእያንዳንዱ ሰው በግሉ ተነገረው። ሐኪሞች በየአዳራሹ እየዞሩ የእናቶችን ጥያቄ መለሱ። ሕዝቡን ያረጋጋው ይህ በራሱ ሰውነት ላይ የተደረገ ልኬት እንጂ አትፍሩ የሚል ማስታወቂያ አልነበረም።

መሬቱን በሚመለከት፣ አዮዲን 131 የተባለው ቅንጣት በየ8 ቀኑ በግማሽ ስለሚቀንስ በወራት ውስጥ ጠፍቷል። ሲዚየም 137 ግን በግማሽ ለመቀነስ 30 ዓመት ያህል ይፈጅበታል። ስለሆነም ከቤቶች ግቢና ከእርሻ ላይ የላይኛው አፈር እየተጠረበ በከረጢት ተጠራቀመ። ደኖቹ በአብዛኛው ሳይጸዱ ቀሩ። ገበሬዎቹም ሥራ ፈትተው አልተቀመጡም። ሲዚየም ወደ ዘይት ስለማይገባና በፋጉሎው ውስጥ ስለሚቀር፣ ሩዝ በማይዘራበት ማሳ ጎመን ዘር ዘርተው ንጹሕ ዘይት አመረቱ። የተጎዳ መሬት ምን ሊሰጥ እንደሚችል የሚያውቀው ባለመሬቱ ነውና ይህ ጥረት ከዕርዳታው እኩል ተስፋ ሰጠ።

በአንድ ከተማ ውስጥ ሦስት ወሰን

የወጣው የኪሎ ሜትር ወሰን ለሕይወት አድን ሥራ አስፈላጊ ነበር። ነገር ግን ያው ወሰን ቆይቶ የካሣ መክፈያ ልክ ሆነ። ከ20 ኪሎ ሜትር ውስጥ የወጡት በነፍስ ወከፍ በወር 100 ሺህ የን ለዓመታት ሲከፈላቸው፣ ከ20 እስከ 30 ባለው ክልል ላሉት ክፍያው ከአንድ ዓመት ተኩል ገደማ በኋላ ተቋረጠ። ከ30 ኪሎ ሜትር ውጭ የሆኑት የዚህ ወርኃዊ ክፍያ ተካፋይ አልሆኑም። በአንድ ጊዜያዊ መጠለያ፣ ግድግዳ ተጋርተው የሚኖሩ ጎረቤታሞች ስንት እንደሚከፈላቸው መነጋገር አቆሙ። ቤቱ በማዕበል የተወሰደበት ሰው ያልተከፈለውን፣ ቤቱ ሳይፈርስ በጨረር ምክንያት የወጣው ሲቀበል ቅሬታ ተፈጠረ። በዕርዳታ ማደያ ጣቢያ የምዝገባ ካርድ ሲሰጥ የሠራ ሁሉ ይህን ቅሬታ ያውቀዋል።

የመመለስ ጥያቄ

ከሚያዝያ 2004 ዓ.ም. ጀምሮ የኦዳካ ነዋሪዎች ቀን ገብተው ቤታቸውን እንዲያጸዱ ተፈቀደ፤ ሌሊት ግን ማደር ተከለከለ። ይህ ሁኔታ ከአራት ዓመት በላይ ቆየ። ሐምሌ 5 ቀን 2008 ዓ.ም. እገዳው ለከ10 ሺህ በላይ ሰዎች ተነሣ፤ በዚያው ቀን ባቡሩ እስከ ኦዳካ መሥራት ጀመረ። ይሁንና ከአደጋው በፊት ከ12 ሺህ በላይ ሕዝብ የነበረበት ኦዳካ፣ ከአደጋው ዐሥር ዓመት በኋላ 4 ሺህ ነዋሪ እንኳ አልሞላውም። የተመለሱት በአብዛኛው አረጋውያን ናቸው። ሕፃናት ያሏቸው ቤተሰቦች በአምስት ዓመት ውስጥ በሌላ ከተማ ሥራ ይዘዋል፤ ልጆቻቸውም በዚያ ትምህርት ቤት ገብተዋል። ወጣት ሲጠፋ አስታማሚ ነርስ ጠፋ፤ ነርስ ሲጠፋ አረጋዊው ለመመለስ ተቸገረ። አንዱ የሌላው መሰናክል ሆነ።

ሕዝቡን ካሰባሰቡት ነገሮች አንዱ ከሺህ ዓመት በላይ የቆየ ነው የሚባለው የሶማ የፈረስ በዓል ነው። የጦር ልብስ የለበሱ ፈረሰኞች በሚወዳደሩበት በዚህ በዓል፣ የአገራችንን የፈረስ ጉግስ በሚያስታውስ ሥርዓት፣ የየአካባቢው ሰው በየባንዲራው ሥር ይሰለፋል። በአደጋው ዓመት ፈረሶች ሞተው፣ ሰው ተበትኖ ሳለ በዓሉ በአነስተኛ ሥርዓት እንዲከበር ተደረገ። ከየመጠለያው የተሰባሰቡት ሰዎች የማን ጎረቤት እንደነበሩ ያስታወሱት በዚያ ነው። ማመንጫ ጣቢያውን ፈትቶ የማስወገዱ ሥራ ከ30 እስከ 40 ዓመት እንደሚወስድ ታቅዷል፤ ከተማዋም ከዚህ ሥራ ጎን ለጎን ኑሮዋን መቀጠል አለባት።

ከአራዳ እስከ ፓዌ

የሰው መኖሪያ ቤትና መሬት ብቻ አለመሆኑን ለመረዳት ከአገር መውጣት አያስፈልግም። ከጠላት ወረራ በፊት የአዲስ አበባ ዋናው ገበያ በአራዳ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ይቆም ነበር። ወራሪው ኃይል ገበያውን ወደ ምዕራብ ወስዶ ዛሬ መርካቶ በሚባለው ሥፍራ አቆመ፤ አራዳም ፒያሳ የሚለውን ስም አገኘ። በ1923 ዓ.ም. በዘውድ በዓል ዋዜማ የተመረቀው የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልትም ከአደባባዩ ተነሣ። ከነጻነት በኋላ ሐውልቱ ወደ ቦታው ሲመለስ፣ ሕዝቡ የተመለሰለት ነሐስ ብቻ አልነበረም፤ መሰባሰቢያውም ነበር። ገበያው ግን አልተመለሰም። በሰው እጅ የተነቀለ ሁሉ ተመልሶ እንደማይተከል ይህ ምስክር ነው።

በ2016 ዓ.ም. በመልሶ ማልማት ሥራ ከፒያሳና ከአካባቢው የተነሡ ነዋሪዎች በከተማዋ ዳርቻ ወደሚገኙ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ተዛውረዋል። ይህ ዝውውር ከተፈጥሮ አደጋ የመጣ አይደለም፤ አዲሱም ቤት በግድግዳውና በውሃው ከቀድሞው የተሻለ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ለዕለት ጉርሷ በአደባባዩ ዳር ትነግድ የነበረች እናት ደንበኞቿ፣ አንድ አዛውንት ሲታመሙ የሚጠይቋቸው፣ ሲሞቱ የሚቀብራቸው ዕድር በቤት ርክክቡ ቅጽ ላይ አይሰፍርም። የኦዳካ አረጋውያንም ያጡት ይህንኑ ነበር።

የሰፈራን ነገር በሚመለከት ከሁሉ የከበደው ትምህርት የ1977 ዓ.ም. ድርቅ ያስከተለው ነው። በዚያን ጊዜ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ 600 ሺህ ያህል ሰው ወደ መተከል፣ ጋምቤላ፣ ኢሉባቦር፣ ከፋና ወለጋ ተጓጓዘ። በረሃብ የተዳከመ የደጋ ሰው ከወባ ጋር በማያውቀው ቆላ ተገናኘ። በፓዌና በሌሎች ጣቢያዎች መጠለያው፣ ውሃውና ክሊኒኩ ሳይጠናቀቁ ሕዝቡ ደረሰ። ከቤተሰቡ የተለየ፣ ሳይወድ የተጫነም ነበር። ብዙዎች ሞቱ፤ ሌሎችም በእግራቸው ወደ አገራቸው ወይም ወደ ሱዳን ኮበለሉ። የጉሙዝ ሕዝብና ሌሎች ነባር ነዋሪዎች ከሚያርሱትና ከሚያድኑበት መሬት ተገፉ። በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው የሰፈራ ፕሮግራም ሰፈራው በፈቃድ እንዲሆን፣ በየክልሉ ውስጥ እንዲወሰንና ሰፋሪው በቀድሞ ቀዬው ያለው የመሬት ይዞታ ለሦስት ዓመት እንዲጠበቅለት የተደነገገው ከዚህ መራራ ትምህርት በኋላ ነው።

ለሥራው የሚጠቅሙ ነጥቦች

ከላይ ከተዘረዘረው የሚከተሉት ነጥቦች ይወጣሉ፦

1ኛ/ ሕዝብን ማንቀሳቀስ ከመጀመሩ በፊት አረጋውያን፣ ነፍሰ ጡሮች፣ አራሶችና ሕሙማን ተለይተው ይመዝገቡ። ከሚያስታምማቸው ሰው ጋር እንጂ ለብቻቸው አይጫኑ።

2ኛ/ መኪና ከመነሣቱ በፊት ተቀባዩ ሥፍራ ውሃ፣ መጠለያና ሐኪም ያለው መሆኑ በዓይን ይረጋገጥ። ይህ ካልተሟላና ፈጣን የሞት አደጋ ከሌለ፣ ሕዝቡን ባለበት መርዳት ይመረጣል።

3ኛ/ ሰዎች በቤተሰባቸው፣ በመንደራቸውና በዕድራቸው እንደተደራጁ ይዛወሩ።

4ኛ/ የአደጋው መጠን ይለካ፤ ውጤቱም ለባለጉዳዩ በሚገባው ቋንቋ ይነገረው። ባለሥልጣኑ የማያውቀውን እንደሚያውቅ አድርጎ አይናገር፤ አንድ ጊዜ የጠፋ እምነት በብዙ ዓመት አይመለስም።

5ኛ/ የዕርዳታ ወሰን ሲወጣ ከርቀት ይልቅ የደረሰው ጉዳት መለኪያ ይሁን።

6ኛ/ የመመለስ መብትና የሚመለሱበት ጊዜ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይነገር። መጠበቁ በረዘመ ቁጥር ወጣቱ ሌላ ቦታ ሥር ይሰዳል።

7ኛ/ ከዝውውሩ በኋላ ቢያንስ ለአንድ ዓመት በሰፋሪዎች መካከል የሚደርስ ሞት ሁሉ ከነምክንያቱ ይመዝገብ።

ማጠቃለያ

ከነዚህ ነጥቦች ሰባተኛው ለአንዳንዱ ሠራተኛ የቢሮ ሥራ ብቻ ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን የሚናሚሶማ ትምህርት ሁሉ የተገኘው ከዚያ መዝገብ ነው። የዕርዳታ ድርጅት ብዙውን ጊዜ በሪፖርቱ የሚያሰፍረው ስንት ሰው እንደተጓጓዘ፣ ስንት ኩንታል እህል እንደታደለ፣ ስንት ጎጆ እንደተሠራ ነው። ከተጓዙት መካከል ከስድስት ወር በኋላ በሕይወት ያሉት ስንት ናቸው የሚለው ዓምድ ግን አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ሆኖ ይቀራል። ባዶ ዓምድ ማንንም አይከስም፤ ማንንም ግን አያስተምርም።

አንድን አረጋዊ ከጎጆው አንሥቶ በመኪና ያስጫነ ባለሥልጣን ኃላፊነቱ መኪናው ሲነሣ አያበቃም። ሰውየው በደረሰበት ሥፍራ ውሃ ጠጥቶ፣ መድኃኒቱን አግኝቶ፣ በሚያውቀው ሰው መካከል ሲያድር ሥራው ግማሽ ደረሰ ይባላል። ሥራው የሚፈጸመው ያ ሰው ለመመለስ ወይም ለመቅረት በራሱ ፈቃድ ሲወስን ነው።